ከሰሌዳው ላይ የጠፋው ማስታወቂያ

ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በጎጃም አንዲት ትንሽ ከተማ ባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ እንጉዳይ የተገነጠለ መጽሐፍ ይጠግናሉ፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ላቀው ከፊታቸው ቆመዋል።

ላቀው፦ እትዬ እንጉዳይ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምጠይቅዎት። ማስታወቂያውን ከሰሌዳ ላይ የቀደደው ማን ነው?

እንጉዳይ፦ ስትገባ የላይብረሪውን ቁልፍ ይስጡኝ አልክ። አሁን ደግሞ ሌባ ይስጡኝ ትላለህ። አንዱን ምረጥ።

ላቀው፦ ሁለቱንም ነው የምፈልገው። ቁልፉን የምፈልገው ይህ ክፍል ከሰኞ ጀምሮ የታብሌት ክፍል ስለሚሆን ነው። መጻሕፍቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሄዳሉ፣ እርስዎም አብረው።

እንጉዳይ፦ እኔን የምታስቀምጡኝ መደርደሪያ ላይ ነው ወይስ መሬት?

ላቀው፦ ቀልዱን ይተዉት። ስድሳ ታብሌት መጥቶልናል። እያንዳንዱ ሦስት ሺህ መጽሐፍ ይዟል። ከእንግዲህ አቧራ የሚያራግፍ ሰው አያስፈልገንም።

እንጉዳይ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ላቀው፦ ይመጣላ።

እንጉዳይ፦ ላም አለኝ በሰማይ። ይሁን፣ እሺ።

ላቀው፦ እሺ ምን?

እንጉዳይ፦ እሺ፣ ቁልፉን እሰጥሃለሁ።

ላቀው፦ እርስዎ እንዲህ ቶሎ እሺ ሲሉ ነው የምፈራው።

እንጉዳይ፦ መፍራቱ ደግ ነው። እስቲ መጀመሪያ የማስታወቂያውን ነገር አስረዳኝ። ምን ይል ነበር?

ላቀው፦ ያውቁታል እኮ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከሰኔ ወደ ነሐሴ ተራዝሟል የሚል ነው። ደብዳቤው ማክሰኞ በርዕሳነ መምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ተላከ፣ ትናንት ጠዋት አሳትሜ፣ የትምህርት ቤቱን ማህተም መትቼ ለጠፍኩት። ስድስት ሰዓት ላይ ብመጣ ፕላስተሩ ብቻ ቀርቷል።

እንጉዳይ፦ ተማሪውስ? ተራዘመ ሲባል ወደየቀዬው አልሄደም?

ላቀው፦ የሚገርመው እሱ ነው። የእርሻ ወቅት ነው፣ ሁሉንም ቤተሰቡ ይፈልገዋል፤ ግን ዛሬ አንድም የቀረ የለም። ዲሲፕሊን ማለት ይህ ነው። ለዞኑ ሪፖርት አደርገዋለሁ።

እንጉዳይ፦ አድርገው። ምክንያቱንም ጻፍበት።

ላቀው፦ ምክንያቱ ምንድን ነው?

እንጉዳይ፦ ማስታወቂያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ላቀው፦ እርስዎ?

እንጉዳይ፦ ቀደዱ ግን አትበለኝ። ቀስ አድርጌ ነው የላጥኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ስጠግን ኖሬ መቅደድ አልችልበትም።

ላቀው፦ ማህተም ያረፈበትን ወረቀት? ይህ እኮ ያስጠይቃል፣ እትዬ። ጡረታዎ ዓመት ሲቀረው በገዛ እጅዎ።

እንጉዳይ፦ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት፣ በራሷ አሳጠረች አለ። ይኸው፣ ወረቀትህ። አልተጨማደደም። ቀኑን አንብብልኝ፣ መነጽሬን አጣሁት።

ላቀው፦ መነጽርዎ ግንባርዎ ላይ ነው።

እንጉዳይ፦ ቢሆንም ካንተ አፍ ልስማው።

ላቀው፦ «ቀን፣ ግንቦት 31»...

እንጉዳይ፦ ቀጥላ።

ላቀው፦ ግንቦት ሠላሳ አንድ።

እንጉዳይ፦ እኔ ሃምሳ ዘጠኝ ግንቦት አይቻለሁ። አንዱም ሠላሳ አንደኛ ቀን አልነበረውም።

ላቀው፦ የጽሕፈት ስህተት ይሆናል።

እንጉዳይ፦ እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ልጆቹ ናቸው እሺ ያላሉኝ።

ላቀው፦ የትኞቹ ልጆች?

እንጉዳይ፦ ይታይሽን ታውቃታለህ፣ የአሥራ ሁለተኛ «ለ» ተማሪዋን። ትናንት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የተዋሰችውን መጽሐፍ ልትመልስ መጣች። ምነው አልኳት። ፈተናው ተራዝሟል፣ አባቴ ለሥራ ይፈልገኛል፣ ልሄድ ነው አለች። ለነሐሴ ትመለሻለሽ ብላት፣ እንጃ አለችና አንገቷን ደፋች። አንዴ ቤት ገብታ ለፈተና ተመልሳ የወጣች ስንት ልጅ ታውቃለህ?

ላቀው፦ ብዙ አላውቅም።

እንጉዳይ፦ እኔም አላውቅም። ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው አይተሻል አልኳት። ማህተም አለው አለች። የማን ማህተም ብላት፣ የእኛው ትምህርት ቤት አለች። እንግዲያው የጻፈውን እንፈልግ አልኩና ያምናውን እውነተኛ ደብዳቤ ከፋይል አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። ያን ጊዜ ሌሎቹም ተሰብስበው ነበር፣ ሃያ ይሆናሉ። ያምናው የደብዳቤ ቁጥር አለው፣ ያንተው የለውም። ያምናው የፈራሚ ስም አለው፣ ያንተው ፊርማ ብቻ ነው። ቀኑን ያየችው ይታይሽ ናት። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

ላቀው፦ ለዚህ ነዋ ጫጫታው። በመስኮት ሰምቼ፣ ይኸው ላይብረሪው ገበያ ሆነ፣ መዘጋቱ ልክ ነው አልኩ።

እንጉዳይ፦ ገበያ ነበር። እኔም እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስንት ዘመን ዝም በሉ ስል ኖርኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ልጅ ግን ዝም ሲል ይነቅዛል።

ላቀው፦ ከዚያስ?

እንጉዳይ፦ ከዚያማ ይታይሽ ወደ ዞኑ ትምህርት መምሪያ ስልክ ደወለች። እኔ ልደውል ብል፣ ራሴ ልስማው አለች። ፈተናው በቀኑ ነው፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልጻፍንም አሏት። እሷ ስልኩን ሳትዘጋ ሁለት ልጆች መናኸሪያ መሄዳቸውን ሰማን። እሷና ጓደኞቿ ሮጠው ሲደርሱ ሚኒባሱ ሞተር አስነስቷል፣ ረዳቱ ተሳፋሪ አላወርድም ይላል። ይታይሽ በሩ ላይ ተንጠልጥላ ነው ያስወረደቻቸው። አንዱ እስካሁን ማሳ ሳላርስ አስቀረችኝ ብሎ ያኮርፋታል።

ላቀው፦ ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?

እንጉዳይ፦ ቢሮህ መጥቼ ነበር። ስለ ታብሌቶቹ ርክክብ ስብሰባ ላይ ነው፣ እንዳይረበሽ ብሏል አሉኝ።

ላቀው፦ ብያለሁ። ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ የሚባለው ለእኔ ኖሯል።

እንጉዳይ፦ ተረቱን ራስህ ከተረትከው እኔ ምን ልጨምር። አሁን ስማኝ። ታብሌቱን አልጠላሁም። እንዲያውም እዚሁ አምጣው፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን መደርደሪያ ጠጋ ካደረግነው ስድሳውም ይገባል። እኔን ግን አቧራ አራጋፊ አታድርገኝ። ለእያንዳንዱ ክፍል በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጠኝ።

ላቀው፦ የላይብረሪ ሠራተኛ ክፍለ ጊዜ ኖሯት ያውቃል? ምን ሊያስተምሩ?

እንጉዳይ፦ ትናንት ያደረግነውን። ከሦስት ሺህ መጽሐፍ ውስጥ የሚፈልጉትን ማግኘት፣ ያገኙትን ከማመናቸው በፊት መጠየቅ። ታብሌት ሲሰጣቸው ውሸቱም አብሮ ይሰጣቸዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ላቀው፦ አይሆንም።

እንጉዳይ፦ ለምን?

ላቀው፦ ፕሮግራሙ ሞልቷል።

እንጉዳይ፦ እሱ ለዞኑ የምትጽፈው ምክንያት ነው። ለእኔ የምትነግረኝስ?

ላቀው፦ እውነቱን ልንገርዎት? ይህን ክፍል ዝጋ ብባል ደስ ነው ያለኝ።

እንጉዳይ፦ እዚሁ ተምረህ?

ላቀው፦ እዚሁ ተምሬ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ፣ እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ትልቅ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ነበር፣ ስለ ከዋክብት። በመስታወቱ ውስጥ ሽፋኑን እያየሁ አንድ ወር ቆየሁ። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅሁዎት። ጭቃ ሳቦካ አርፍጄ በዚያው ነበር የመጣሁት። እጄን አዩና፣ ታቆሽሸዋለህ አሉኝ። ቧንቧ ሄጄ እስከ ክንዴ ታጥቤ ተመለስኩ። ሰዓት አልቋል አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስከ አሥራ ሁለተኛ ድረስ በዚህ በር አልገባሁም።

እንጉዳይ፦ አላስታውስም።

ላቀው፦ እኔ አስታውሳለሁ።

እንጉዳይ፦ አንተን አላስታውስም እንጂ፣ ያደረግሁትን አውቀዋለሁ። ያንተ ብቻ አይደለማ። ያኔ ጎበዝ ማለት መጽሐፍ ያልጎደለባት ነበረች። በየዓመቱ ይቆጠራል፣ አንድም አይጎድልም፣ ይመሰግኑኛል። ማንም ስላልነካቸው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቁም ሣጥኑን ራሴ የከፈትኩት የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ያ መጽሐፍ አሁን ሽፋን የለውም፣ ገጹም ላልቷል። ላንተ ግን አልደረሰህም። ይቅር በለኝ፣ ላቀው።

ላቀው፦ ይህን ይሉኛል ብዬ አልመጣሁም። ምን እንደምመልስም እንጃ።

እንጉዳይ፦ ምንም አትመልስ። ላይብረሪ ውስጥ ነህ።

ላቀው፦ እርስዎ ደግሞ፣ ሰው እንኳ ተረጋግቶ እንዲያዝን አይፈቅዱም። እንግዲህ በመጪው ዓመት ለአንድ ሴሚስተር እንሞክረዋለን። ስፖርቱ ላይ አንድ ትርፍ ክፍለ ጊዜ አለ፣ ከዚያ እወስዳለሁ። መጻሕፍቱም ይቆዩ።

እንጉዳይ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወዳንተ እንምጣ።

ላቀው፦ ወደ እኔ ምን?

እንጉዳይ፦ እኔ ከሃያ ዓመት በኋላ ተሳሳትኩ አልኩ። አንተ በአንድ ቀንህ ብትለው ይቀልልሃል።

ላቀው፦ ለማን?

እንጉዳይ፦ ለተማሪው፣ በሰልፍ ላይ።

ላቀው፦ እትዬ፣ ርዕሰ መምህር ሐሰተኛ ደብዳቤ ላይ ማህተም መታሁ ብሎ ከተናገረ ማን ይታዘዝለታል? ወረቀቱን ደግ አድርገው አንስተውታል። ያዩት ጥቂት ናቸው፣ ይረሱታል።

እንጉዳይ፦ ዛሬ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ምን አልካቸው?

ላቀው፦ ፈተናው ተራዝሞ ሳለ ሳትቀሩ ስለመጣችሁ ኮርቼባችኋለሁ አልኩ።

እንጉዳይ፦ ማን ሳቀ?

ላቀው፦ ማንም አልሳቀም። ጸጥ ብለው ነው የሰሙኝ።

እንጉዳይ፦ ስምንት መቶ ልጅ፣ ሁሉም እያወቀ፣ አንድ ሳይስቅ ቆሞ ሰማህ። ዘበኛው ጋሽ ፈጠነ እንኳ ፊቱን አዙሮ ነው የሳቀው። እስክትነግራቸው እየጠበቁህ ነው።

ላቀው፦ ሁሉም?

እንጉዳይ፦ ሁሉም።

ላቀው፦ እስከ ነገ ካሳደርኩት ልቤ ይከዳኛል። ጋሽ ፈጠነን ይጥሩልኝ፤ ደውሉን አሁን ይደውል።