ጋሽ ታጠቅ የቆለፉት ሁሉ

እንደምን አመሻችሁ! ጋሼን ከመሸኘታችን በፊት ትንሽ ልናገር።

ጋሽ ታጠቅ እዚህ ማተሚያ ቤት ሥራ የጀመሩ ዕለት ሙሽራ ድረዋል። የሰውን ሙሽራ፣ ለሌላ ሰው! አንድ የሻሸመኔ ደንበኛ የሠርግ ካርዱን አይቶ፣ "አበባውን ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉልኝ" አላቸው። ጋሼ የታፔላ ብሩሻቸውን ጥለው ኮምፒውተር የነኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። አበባውን የያዙ መስሏቸው ሙሽሪትን ይዘው ጎተቱ። ካርዱ ታትሞ ሲወጣ ሙሽሪት ሚዜው ጎን ቆማለች። ሰውየው፣ "ምነው፣ ገና ሳላገባ አፋታችሁኝ?" አለ።

አይሳቁ ጋሼ! መከራው የተረፈው ለእኛ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ እንዳይነካ እየቆለፉ ነው የሚያስቀምጡት። ፊደሉን፣ ፎቶውን፣ ለጌጥ የገባችውን ነጥብ ሳይቀር! ደንበኛ ራሴ ላይ ቆሞ አንዱን ልመርጥ እጫናለሁ፤ እንቢ። ሌላውን እጫናለሁ፤ ንቅንቅ የለም።

"ጋሼ፣ ኧረ ይክፈቱልኝ!"

"ምን ልትነኪ ነው?"

"ስልክ ቁጥሩን ብቻ።"

"ቁጥሩ ምን በደለሽ?"

ሰውየው ስልክ ቀየረ እኮ ጋሼ! እንዴት ነው የማስረዳዎት?

አባቴ ያረፈ ጊዜ ያገኘነው ደህና ፎቶ አንድ ብቻ ነበር። ወንጂ፣ አገዳው መሀል፣ እጁን ጓደኛው ጋሽ ገርባ ትከሻ ላይ ጥሎ። ለለቅሶው ባነር አባቴን ለብቻው እንዲያወጡልኝ ሰጠኋቸው። አባቴን ብቻ ሴሌክት ሲያደርጉት፣ እጁ ጋሽ ገርባ ትከሻ ላይ ይቀራል።

"ድንኳን ተተክሏል፣ ይቁረጡት በቃ!" ብዬ ጮህኩ።

ጋሼ ማውሱን አስቀመጡት። "የሰው እጅ ከወዳጁ ትከሻ ላይ አልቆርጥም" አሉኝ።

በንዴት አለቀስኩ። ባነሩ ሁለቱንም ይዞ ታተመ። በሕይወት ያለ ሰው፣ ለቅሶ ባነር ላይ! ዘመድ ሁሉ አጉረመረመ። ጋሽ ገርባ ገብተው አዩትና፣ "ተዉት፣ አብረን ነበርን" ብለው ሥሩ ተቀመጡ። ለቅሶው እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሡም።

ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ጋሼ። እስከ ዛሬ ተናድጄብዎት ነው ያላልኩት።

ከሰኞ ጀምሮ እርስዎ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ሀዊ ነኝ። "መቼ ነው ጡረታ የሚወጡልኝ" እያልኩ ኖሬ፣ ይኸው አሁን "አይሂዱብኝ" ልል ነው። እጄን አደብ የሚያስገዛልኝ ማን ነው?

በሉ ብርጭቆ አንሡ! ጋሼ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት። ቆቃ ወርደው ዓሣዎን በሰላም ይብሉ። ስልክዎን ግን እንዳይዘጉት፤ እደውላለሁ።

ለጋሽ ታጠቅ!