ለጾም ያበበው ጽጌረዳ

ዶምኒካ ከወይኑ ዳስ ሥር ተቀምጣ ከቼሪው ዘሩን እያወጣች ለአብሮ አደጓ ለአግሪፒና ታወራለች፤ ድምፅዋ ግን ከንስትሩ ወንዝ ማዶ ያለ ደንቆሮ እንኳ የሚሰማው ነው። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቷ ጽጌረዳዋን ውኃ ታጠጣለች።

«ዘንድሮ ቼሪው እንዴት ወፈረ፣ አግሪፒና? ዘሩን እዚች ጣይው… ወገብሽስ? ተመስገን። የኔማ እንደጎበጠ ቀረ፤ ጽጌረዳ ስቆርጥ ከርሜ የለ?

ለካ አላየሽውም። ከልጅሽ ዘንድ የተመለስሽው ትናንት ነው። ምነው ባለፈው ሳምንት በመጣሽ… የበሩ ቅስት ከላይ እስከ ታች አበባ ብቻ። የሦስት መንደር ንብ እኔ ግቢ ከትሞ፣ ባለቤቶቹ ‹ንባችንን መልሺ› ብለው ደጄን አንኳኩ። ዶሮዎቼ ሁለት ሁለት ሆነው ከቅስቱ ሥር ሲያልፉ ብታዪ፣ አውራውማ ደረቱን ነፍቶ ሙሽራ መስሏል። ምን ያደርጋል፣ ጾም ነው። ማን ይድራቸዋል?

የስመረንዳ ሠርግ የጴጥሮስ ጾም ከተፈታ በኋላ ባለው እሁድ ነው። የልጅ ልጄ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው፤ ‹አያቴ፣ እናቴ ነፍሷን ይማርና በተዳረችበት ጽጌረዳ ሥር ልለፍ› አለችኝ። እምቡጡ መቼ ቢቆረጥ አዲሱ አበባ ለዚያ ቀን እንደሚደርስ እኔ ምን አውቄ? ግን የሚያውቅ ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ እያለ ምን ቸገረኝ… ሄጄ ጠየቅኩ። ደግ ሰው፣ እጇን ከሊጥ ሳታወጣ ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለውን የከተማ ቀን መቁጠሪያ በአገጯ አሳየችኝ። ‹የጴጥሮስ በዓል ያውልሽ። ከዚያ ሰባት ሳምንት ወደ ኋላ ቁጠሪና እምቡጡን ሳትራሪ ቁረጪ› አለች። ቆጠርኩ። ሳልራራ ቆረጥኩ።

በአዲሱ አቆጣጠር የሚሄደው የከተማው ጴጥሮስ ከኛው ጴጥሮስ አሥራ ሦስት ቀን ይቀድማል። ይህን ማን ያጣዋል? ስልሳ ዓመት በአሮጌው አቆጣጠር ስጾም የኖርኩት እኔ፤ ሆዴ ያውቀዋል፣ ጭንቅላቴ ነው የዘነጋው። እንዲህ ዓይነት ጭንቅላት መሐረብ ማሰሪያ ካልሆነ ለምን ይሆናል? እሷ ላይ ምን አለ… ሠላሳ ዓመት ከመዘምራኑ ጋር የቆመች፣ የዓመቱን በዓል በቃሏ የምታወርድ ሴት፣ ይህቺን ታህል ነገር ብትረሳ ይፈረድባታል? የራሷን የቆረጠችው እኔ ከቆረጥኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ያኔ ትዝ ብሏት ይሆናል… ለኔ መንገሩን ደግሞ ሊጡ አስረስቷት።

እስቲ በአጥሩ ቀዳዳ አሾልቂ። እምቡጡ ገና ከንፈሩን ሊከፍት ነው። ለሠርጉ ልክ ይደርሳል። ትናንት ለስመረንዳ ‹በኔ በር እለፊ› ብላ ላከችባት። በዚህ ዘመን ማን እንዲህ ያስባል? ልጅቷ አለቀሰች… ከደስታ ይሆናል። እኔም አለቀስኩ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር። ታልፋለች እንግዲህ፤ ሙሽራ በባዶ እሾህ ሥር አታልፍም። እኔም ከኋላዋ አጎንብሼ አልፋለሁ፤ ወገቤ እንደሆነ ለምዶታል።

እጇ ግን የተባረከ ነው። ልጇ ከውትድርና ከተመለሰ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየዓመቱ ጽጌረዳዋን ለዚያችው እሁድ ታደርሳለች። አንድ ዓመት እንኳ ቀኑ አልተዛነፈባትም። ለማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም… ነውር ነው። ልጁም ጨዋ ነው። አርባ አራት ሞላው መሰለኝ፣ ሸሚዙን ዛሬም እሷው ትተኩስለታለች።»

ከአጥሩ ወዲያ የውኃው ድምፅ ቆመ። ዶምኒካ አንድ ቼሪ ወደ አፏ ጣል አድርጋ፣ ዘሩን በእጇ ተቀብላ፣ ድምፅዋን ይበልጥ አለሰለሰች።

«እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣት። ያ ጽጌረዳ አንድ ዓመት ለራሷ ቤት ይሁንላት፤ ምራቷ ከሥሩ ትለፍ፣ እሷም በዓይኗ ትይ። የሠርጉ ቀን የታወቀ ዕለት ብቻ ትላክብኝ… ውለታዋን እንዴት እረሳለሁ? መቁረጫውን ቀን እኔው ራሴ እቆጥርላታለሁ።»