ስለ ጃፓን ዘፈን ማን ይታመናል?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ብርዱ የሚኒባሱን ክላክስ ሳይቀር አስሎታል። ከኋላዬ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንድ መሪጌታ ይጨዋወታሉ።

«ምነው ልጄ፣ ከፋሽ?»

«የመመረቂያ ጽሑፌ ተመለሰብኝ፣ የኔታ። ስለ አንድ ጃፓናዊ ዘፋኝ ዘፈን ነው። ምንጭሽ አይታመንም አሉኝ።»

«ዘፈኑን ለራስሽ ያዢው። ምንጩን ከየት አመጣሽው?»

«ከኢንተርኔት። ያየሁት ገጽ ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው።»

«ሁሉም ከአንዱ ቀድተው ቢሆንስ? እኛ ዜማ ስናሰማ ‹ከየትኛው መምህር ተማርከው?› እንባላለን።»

«ታዲያ ጃፓን ማንን ልጠይቅ?»

«ዘፋኙ በሕይወት አለ?»

«አለ፤ አርጅቷል።»

«እንግዲያ ለራሱ ጻፊለት። ሽማግሌ ጠያቂ ካገኘ ዝም አይልም።»

«ባይመልስልኝስ?»

«እሱ ያስተማረው ተማሪ አይጠፋም፤ ተማሪውን ትጠይቂያለሽ። በርቺ!»

እኔም ለደብረ ሲና ዘመዶቼ የጫንኩትን ወሬ ከማን እንደሰማሁት ሳስብ፣ ሳስብ፣ መናኸሪያው ደረስን።