ምንጣፉ ያልሸፈነው ጥፋት

ሽማግሌው ቱአላ የታሮ ሥራሥር ሸክማቸውን በትከሻ እንጨት ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ከእርሻ ሲመለሱ፣ በባሕሩ ዳርቻ መንገድ ላይ አቧራ ለብሳ በእግሯ የምትመጣ ሴት አዩ። ቀረብ ስትል ለዩዋት፤ የወንድማቸው ልጅ ኤሴታ ናት። በዋና ከተማዋ በአፒያ ሕግ ተምራ በዚያው በጥብቅና ሙያ የምትተዳደር።

«አንቺ! አውቶቡሱ አመለጠሽ እንዴ?»

«አላመለጠኝም አጎቴ፤ አሳለፍኩት። በዚያ የሬሳ ሣጥን ከምሳፈር እግሬ ቢላጥ ይሻለኛል።»

ሽማግሌው ሸክማቸውን ከአንድ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር አወረዱ። ፊታቸው ጠቁሯል። ገና ያልጠገገ ቁስል ነው የተነካባቸው።

የመንደሩ ሹፌር የሳፖሉ የእንጨት አውቶቡስ ፍሬኑ ከሞተ ዓመት አልፎታል። መንደሩ ግን «ይጠገን» በማለት ፈንታ ዘዴ ፈጠረለት፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ በቆመ ቁጥር በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማው ሥር የኮኮናት ግንድ ቁራጭ ይወሽቃል። ያንን ወንበር «የሚኒስትሩ መቀመጫ» ብለው ሰይመው ይሳሳቁበት ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ዝናብ በጣለበት ቀን፣ ግንዱ ተንሸራተተ። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ተንከባለለ። ከበስተኋላው የሩዝ ከረጢቷን ታወርድ የነበረችው የቱአላ ልጅ ሉፔ፣ የመዘምራኑ መሪ፣ ከድንጋዩ ግንብ ጋር ተጣብቃ ቀኝ እግሯን ከጉልበት በታች አጣች።

በአራተኛው ቀን ሳፖሉ ጎሕ ሲቀድ መጥቶ በቱአላ ደጅ ተንበረከከ፤ ዘመዶቹም ክቡሩን ምንጣፍ ከራሱ ላይ አለበሱት። ኢፎጋ ይሉታል፤ አጥፊ ራሱን ለተበዳይ ወገን አሳልፎ የሚሰጥበት ሥርዓት ነው፤ ምንጣፉ ከተገፈፈለት ምሕረት አግኝቷል። ቱአላ ምንጣፉን ገፍፈው ሰውዬውን አስነሡት። በልማዱ መሠረት ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ሉፔ ግን ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ኤሴታ ያዘጋጀችላትን የክስ ወረቀት ፈረመች። ዛሬ ከቀትር በኋላ የአለቆች ሸንጎ ሊቀመጥባት ነው፤ የቤተሰቧ አለቃ አባቷ ካልቆሙላት፣ ወይ ክሷን ትተዋለች ወይ ከመንደሯ ትባረራለች።

«ይቅር ብያለሁ!» አሉ ቱአላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ምንጣፉን በዚህ በእጄ ነው የገፈፍኩት። ያባቶቼን ሥርዓት በከተማ ወረቀት ልትጠቀልዪው ነው የመጣሽው?»

«ይቅርታዎን ማን ነካው? ይቅርታው የእርስዎ ነው። እግሩስ የማን ነበር?»

«ሳፖሉ እኮ ጠላታችን አይደለም። ሊጎዳት አስቦ አያውቅም።»

«ባለማሰቡ እኮ ነው የከሰስነው!» አለች ኤሴታ፣ አክብሮቷ ሳይጓደል። «አስቦማ ቢሆን ወንጀለኛ ይባል ነበር። ሰው ጭኖ የሚነዳ፣ ለተሳፋሪውም በመንገዱ ላይ ላለውም የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት። እንዲህ ባደርግ እገሌ ይጎዳል ብሎ አስቀድሞ ሊያስብ የሚችል ሰው፣ ያ እገሌ ዕዳው ነው። እርስዎ በእሱ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ፍሬን ያሠራሉ ወይስ ግንድ ይቆርጣሉ?»

«ዝናብ ነበረ። ዝናቡን ያዘነበው እግዚአብሔር ነው።»

«ዝናቡን አዎ። ግንዱንስ? እዚህ አገር ዝናብ ይዘንባል ብሎ ያልጠበቀ አንድ ሰው ያሳዩኝና ወረቀቱን አሁኑኑ እቀደዋለሁ። ፍሬን ቢኖር ኖሮ ዝናቡ ዝናብ ብቻ ሆኖ ባለፈ ነበር፤ ሉፔም ሩዟን ተሸክማ ቤቷ በገባች። ጥፋትና ጉዳት የሚታሰሩት በዚህ ገመድ ነው።»

«እሷስ? ከኋላው ምን አቆማት? ፍሬን እንደሌለው ሁላችንም እናውቅ ነበር እኮ!»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ጆሯቸው የሰማው። እናውቅ ነበር። ስንት ጊዜ በዚያ ወንበር ተቀምጠው፣ በሰባ ዓመታቸው እንደ ጎረምሳ ዘለው ሲወርዱ ሕዝቡ አጨብጭቦላቸዋል! አንድም ቀን «ሳፖሉ፣ ይህን ነገር አሠራው» አላሉም። ንዴታቸው እንደ ማዕበል ተመልሶ በራሳቸው ላይ ተከሰከሰ።

ኤሴታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የእሷም ጥፋት ካለ ዳኛው ይመዝነዋል፤ በድርሻዋ ልክ ከካሳው ይቀንሳል። ግን የጭነት ማውረጃው መሰላል ከኋላ ነው አጎቴ፤ ሩዟን በየት በኩል ታውርደው? ደግሞ የሁላችን ማወቅ እሱን ነፃ አያወጣውም፤ ከሁላችን በፊት እሱ ያውቅ እንደነበር ይመሰክርበታል እንጂ። ምንጣፉ የሳፖሉን አንገት አዳነ፤ ደግ ነው። ፍሬኑን ግን አልሠራውም። ዛሬ ጠዋት በአጠገቤ ሲያልፍ አርባ ሰው ጭኖ ነበር።»

ቱአላ ሸክማቸውን አንሥተው፣ ከፊት ከፊቷ እየተራመዱ ወደ መንደሩ ገቡ።

በሸንጎው ቤት አለቆቹ እያንዳንዳቸው ምሰሷቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሳፖሉ ቀድሞ ተናገረ። «ምንጣፌን ተቀብለህ በልጅህ እጅ ትከሰኛለህ?»

«አንገትህን ተቀብያለሁ፤ ከቤቴ ማንም እጁን አያነሣብህም» አሉ ቱአላ። «የልጄን እግር ግን አልሰጠሁህም። የእኔ ስላልነበረ ልሰጥህ አልችልም!»

ከወዲያኛው ምሰሶ አንዱ አለቃ ሳቀ። «እዩልኝ! ቱአላ በስተርጅና ሕግ ተማረ!»

«አዎን፣ ተማርኩ!» ብለው ጮኹ ቱአላ። «የትምህርቱ ዋጋ የልጄ እግር ነው! አንተም ስቀሃል፣ እኔም ስቄአለሁ፤ በዚያ ወንበር ያልሳቀ ማን አለ? ማባረር ከፈለጋችሁ ከእኔ ጀምሩ። ሳፖሉ ግን ስለ ፍሬኑ በዳኛ ፊት ይመልስ!»

ክርክሩ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆየ። በመጨረሻ ሸንጎው ማንም እንዳይባረር፣ አውቶቡሱም ሳይጠገን ጎማው እንዳይዞር ወሰነ። ከወራት በኋላ ፍርድ ቤቱ ሳፖሉን በቸልተኝነት ኃላፊ አደረገው። ሉፔ ሰው ሠራሽ እግር ተገጠመላት፤ ቆማም መዘምራኑን ትመራለች። የፍርዱ ወሬ በዳርቻው ሁሉ ሲሰማ፣ ከዚያ ወዲህና ወዲያ ያሉ የአውቶቡስ ባለቤቶች ሳይጠየቁ ፍሬናቸውን ያስመረምሩ ጀመር። ፍርድ የተቆረጠ እግር አይመልስም፤ ያልተቆረጡትን ግን ይጠብቃል። ይቅርታ በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን ቂም ያበርዳል፤ ኃላፊነት ደግሞ ስማቸውን እንኳ ለማናውቃቸው፣ ነገ በዚያው መንገድ ለሚያልፉት ይደርሳል። አንዱ የሌላውን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ሳፖሉ ብቻውን፣ ያለ ዘመድና ያለ ምንጣፍ፣ ወደ ሉፔ መጣ። «ይቅር በዪኝ» አላት።

«ሰምቼሃለሁ» አለች ሉፔ። «ስወስን አስጠራሃለሁ።»

ቱአላ ከጎኗ ተቀምጠው ነበር። ቀድሞ ቢሆን በቁጣ ዓይን ያዩዋት ነበር። አሁን ግን እንግዳውን እስከ ደጁ ሸኙትና «ይቅር በዪው» ሳይሏት ከልጃቸው ጎን ተመልሰው ተቀመጡ።