የደላላው የዳምጤ ድረ ገጽ

አርባ ምንጭ ውስጥ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት አጋምሳ የነበረች አንዲት ባጃጅ ድንገት ተንገጫግጫ ቀጥ አለች። ሾፌሩ ወርዶ ሞተሯን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሁለት ናቸው። አንዱ አቶ ዳምጤ ይባላሉ፤ በወጣትነታቸው ከገረሴ ወርደው አርባ ምንጭ ላይ በቤት ድለላ ያረጁ፣ በከተማው ቤት የገዛና የሸጠ ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። የዚያን ዕለት ግን ማንም ባያውቃቸው ይመርጡ ነበር። ሁለተኛዋ ፀዳለ ትባላለች፤ የወንጌል አገልጋዩ የኦይታ ልጅ ናት፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ሥራ በመፈለግ ላይ ነበረች።

ባጃጇ እንደማትነሳ ሲያውቁ ወርደው መንገድ ዳር ካለ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሙ።

«ጋሼ ዳምጤ፣ ደህና አይደሉም እንዴ? ፊትዎ ጠቁሯል» አለች ፀዳለ።

«ተዪኝ ልጄ፤ ለቅሶ ሄጄ የገዛ ስሜን ቀብሬ ነው የምመለሰው» አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ዳምጤ የእትዬ ወለቴን ቤት ለማሸጥ ይዘው ነበር። እትዬ ወለቴ ከጎጃም መጥተው አርባ ምንጭ የኖሩት የመምህር ተክለሃይማኖት ሚስት ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ሆነው፣ ቤቱን ሸጠው ባሕር ዳር ወዳለችው ልጃቸው ወደ እሌኒ መሄድ ቆርጠዋል። አቶ ዳምጤ ደግሞ ሥራቸውን የሚሠሩት እንደ ልማዳቸው ነው። ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ ጫማውን ያያሉ፤ ቀጥለው ሰዓቱን፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ ከአፋቸው የሚወጣው። ለነጋዴው አንድ ዋጋ፣ ለመንግሥት ሠራተኛው ሌላ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣውማ አይነሳ። ታዲያ በዚያ ጠዋት ሦስት ገዢዎች አንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጨዋታ ጨዋታን ሲያነሳ የቤት ወሬ መጣ፤ ሦስቱም ያዩት ቤት በሩ አረንጓዴ መሆኑ ተነሳ፤ ሦስት ሰው፣ አንድ ቤት፣ ሦስት ዋጋ ሆነ። ሦስቱም ዞረው አቶ ዳምጤን አዩ። የባሰው ደግሞ እትዬ ወለቴ እዚያው ነበሩ።

«በሰው ፊት ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ዳምጤ፣ ያልኩህ ዋጋ አንድ ነው፤ ሁለቱን ከየት ወለድካቸው? እስከ ፋሲካ እጠብቅሃለሁ፣ ከዚያ ቤቴን ለሌላ እሰጣለሁ› አሉኝ። እሳቸው ከነጠቁኝ ነገ ማን ቤት ይሰጠኛል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ዋጋውን ለሁሉም አንድ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?»

«አንቺ ልጅ፣ ዋጋ እንደ ቆሎ በጣሳ አይሰፈርም። ከሰው ፊት ላይ ነው የሚነበበው።»

«የቤት ዋጋ ከቤቱ ላይ አይነበብም?»

ሾፌሩ አንገቱን ሞተሩ ውስጥ እንደቀበረ ሳቀ። አቶ ዳምጤ ገላመጡት። ፀዳለ ግን ነገሩን ከያዘች የምትለቅ አልነበረችም።

«እንግዲያው ድረ ገጽ ልሥራልዎ» አለች። «ቤቱን ከነፎቶው፣ ከነስፋቱ፣ ከነዋጋው እንጻፈው። ጂንካ ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም እኩል ያንብበው። ያኔ ሦስት አይደለም ሠላሳ ሰው ድንኳን ውስጥ ቢገናኝ የሚያፍሩበት ነገር የለም።»

«አዪ፣ የድለላን ነገር አታውቂም» አሉ አቶ ዳምጤ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እኔ ገዢን ወደ ቤቱ ስወስድ በጓሮ በጓሮ፣ አራት ቦታ አጣጥፌ የማዞረው ለምን ይመስልሻል? መንገዱን ለብቻው እንዳያገኘው ነዋ። በሩን በፎቶ ካየማ እኔን ዘሎ ሰተት ብሎ ወደ ባለቤቷ ይሄዳል። እኔ ጦሜን ላድር ነው?»

«ሰው እርስዎን የሚዘለው ለምን ይመስልዎታል? ደላላው ዋጋው ላይ ጨምሯል ብሎ ስለሚጠረጥር ነው። ዋጋው ተጽፎ ካየ፣ ባለቤቷም ያንኑ ከነገሩት፣ እርስዎን ዘሎ ምን ያተርፋል?»

ሽማግሌ ግን ወዲያው አይረታም፤ ሌላ በር ይፈልጋል። አቶ ዳምጤም አገኙ።

«ፈቃደን ታውቂው የለ? ባለ እንግዳ ማረፊያውን። እሱም እንደዚህ ተሰብኮ ድረ ገጽ አሠራ። ሠሪው ልጅ አዲስ አበባ ገባና ቀረ። ይኸው ሰባት ዓመት ሙሉ ገጹ ‹እንኳን ለአዲሱ ሚሊኒየም አደረሳችሁ› እያለ ነው። የአልጋው ዋጋም የያኔው እንደሆነ ቀርቷል፤ እንግዳ ያንን አንብቦ እየመጣ ከፈቃደ ጋር አንገት ለአንገት ይያያዛል። አንቺም ነገ ሥራ ታገኚና ትሄጃለሽ። የተሸጠ ቤት አንጠልጥዬ የሰው መሳቂያ ልሁን?»

ፀዳለ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። የልብ ጥያቄ ይህ ነበርና።

«ልክ ነዎት ጋሼ። የጋሼ ፈቃደ ገጽ ድንጋይ ላይ እንደተቀረጸ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ፊደል ለመለወጥ ቀራጩን ፍለጋ መሄድ ነው። እኔ የምሠራልዎ ግን በሲኤምኤስ ነው። ሲኤምኤስ ማለት የድረ ገጹ ባለቤት ያለ ባለሙያ፣ በገዛ እጁ የሚጽፍበትና የሚያርምበት አሠራር ነው። እኔ ክፍሎቹን ሠርቼ አስረክብዎታለሁ፤ ከዚያ ዕቃ የሚያስገቡትም የሚያወጡትም እርስዎ ነዎት። በይለፍ ቃል ይገባሉ፤ ‹አዲስ ቤት› የሚለውን ይነካሉ፤ ፎቶ፣ ሰፈር፣ ካሬ፣ ዋጋ የሚሉ ባዶ ቦታዎች ይመጣሉ፤ ይሞሏቸዋል። ሲሸጥ ‹ተሸጧል› ይላሉ፣ አለቀ። እኔ ኖርኩም አልኖርኩም።»

«በስልኬ?»

«በስልክዎ።»

«በአማርኛ?»

«በአማርኛ። ‹አውጣ› የሚለውን ሳይነኩ ደግሞ ማንም አያየውም። ሦስቴ አንብበው፣ ጠንቃቃ ከሆኑ አምስቴ አንብበው ያወጡታል።»

እውነቱን ለመናገር፣ የአቶ ዳምጤ ልብ ተነሳ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቤት ሲያስከፍቱና ሲያዘጉ የኖሩ ናቸው፤ ቁልፉ በእጃቸው የሆነ ቤት ግን ኖሯቸው አያውቅም። ባጃጇም በዚህ መሃል ተንተፋትፋ ተነሳች። ሴቻ ሲደርሱ አቶ ዳምጤ የፀዳለን ሒሳብ ጨምረው ከፈሉ፤ ይህን ያየ የሚያውቃቸው ሰው ቢኖር ነገሩ ማለቁን ወዲያው ይረዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የጉድ ነበር። ሲቀላ ካለ ፎቶ ቤት ጎን የምትገኘው የአቶ ዳምጤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ፀዳለ ላፕቶፗን ዘርግታ ትሠራለች፤ እሳቸው ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥለው «እስቲ ስሜን ከፍ አድርጊው፤ አይ በዛ፣ ዝቅ አድርጊው» ይላሉ። እትዬ ወለቴ ቤት ፎቶ ሊያነሱ ሲሄዱ አቶ ዳምጤ ሳሎኑንና የማንጎውን ዛፍ ብቻ ሊያነሱ ፈለጉ። ፀዳለ የተሰነጠቀውን አጥር ስታነሳ ጊዜ «ምን ነካሽ? ጠላት ነሽ?» አሏት። እትዬ ወለቴ ግን ከበረንዳቸው ሆነው «ትንሳው፤ መሰንጠቁን እኔስ መቼ ካድኩ?» አሉ።

ገጹ አልቆ የይለፍ ቃሉ ሲሰጣቸው፣ ፀዳለ የመጀመሪያውን ቤት ራሳቸው እንዲጽፉ ትታቸው ሄደች። አቶ ዳምጤ በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ። ካሬውን ጻፉ፤ ክፍሎቹን ጻፉ፤ አንዱን ዋጋ ምጥ እንደያዘው ሰው አቃስተው ጻፉ። መጨረሻ ላይ «ሐይቁ ወለል ብሎ የሚታይበት» ብለው ጨመሩ። ይህን ውሸት ነው ብለው አልነበረም። አርባ ምንጭ ውስጥ ደላላ ሁሉ ስለ ሴቻ ቤት የሚለው ነው፤ ለእሳቸው እንደ ሰላምታ ነበር። እውነቱ ግን ከፊት ለፊት ፎቅ ከተሠራ ወዲህ ከእትዬ ወለቴ ግቢ ሐይቅ የሚያይ ሰው ቢኖር የውሃ ታንከሩ ማማ ላይ የወጣ ብቻ ነው።

«አውጣ» የሚለውን ነኩ። ቤቱ ወጣ።

ስልኩ መጮህ ጀመረ። ከሶዶ ደወሉ፣ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ሁሉም «ዋጋው የተጻፈው ነው?» ይላሉ። አቶ ዳምጤ ጫማውን ላላዩት ሰው «አዎ፣ እሱው ነው» ማለት ምላሳቸውን ነክሰው ለመዱ። ድንኳኑ ውስጥ ከነበሩት ሦስት ገዢዎች አንዱ፣ ነጋዴው አበበ፣ በሩን ከፎቶው ለይቶ በቀጥታ ወደ እትዬ ወለቴ ሄዶ ዋጋ ጠየቀ። እትዬም ነገሩትና «ገጹ ላይ ያለው ስልክ የማን ነው?» አሉት። «የዳምጤ» አለ። «ዋጋውስ እኔ ከነገርኩህ ይለያል?» «አይለይም።» «እንግዲያው እዚህ ምን ትሠራለህ? ወደ እሱ ሂድ» ብለው መለሱት። አቶ ዳምጤ ይህን ሲሰሙ ለጎረቤታቸው ለፎቶ አንሺው አራት ጊዜ አወሩለት።

ፋሲካ ሲቃረብ ኤፍሬም የሚባል መምህር ከጂንካ መጣ። የጋሞ ሰው ነው፤ ወደ አገሩ ተመልሶ ሊኖር ፈልጓል። አቶ ዳምጤ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢን በዋናው መንገድ ይዘው ገቡ። መምህሩ ክፍሎቹን አየ፣ ወደዳቸው፤ ማንጎውን ሲያይ ፈገግ አለ፤ አጥሩን አይቶ «ይኼ በፎቶው ላይ አለ» ብሎ አለፈ። ከዚያ ግቢው መሃል ቆሞ ዞር ዞር አለና ስልኩን አወጣ።

«ሐይቁስ?»

እትዬ ወለቴ በረንዳው ላይ ቆመው ወገባቸውን ይዘዋል። በአቶ ዳምጤ አፍ ውስጥ ሁለት መልስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አንዱ «ዛሬ ጭጋግ ነው»፣ ሌላው «እዚያች ማማ ላይ ብቅ ቢሉ» የሚል። ዱሮ ቢሆን አንዱን ብለው፣ ነገ ደግሞ «አላልኩም» ይሉ ነበር። አሁን ግን ቃላቸው በሰውየው እጅ ላይ ተጽፎ ይታያል። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከደረሰባቸው ይልቅ ይኼኛው ከበዳቸው።

«አንዴ ይታገሡኝ መምህር» አሉና የራሳቸውን ስልክ አወጡ። ገቡ፤ ፈለጉ፤ በዚያች በአንድ ጣታቸው አጠፉና ጻፉ፤ «አውጣ» ብለው ነኩ። «አሁን እንደገና ይክፈቱት።»

ኤፍሬም ከፈተ። «ሐይቅ አይታይም፤ ፎቅ ጋርዶታል» ይላል።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነበር» አሉ አቶ ዳምጤ። «ይቅርታዎን እለምናለሁ።»

መምህሩ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ሌላ የሚያጠፉት አለ?» አለ በመጨረሻ።

«የለም። ካሬውን ሜትር አምጥተው ይለኩ። ዋጋውን እትዬ ወለቴን ይጠይቁ፤ እዚያው ናቸው።»

ጠየቀ፤ ያው ሆነ። አመስግኖ ሄደ። አቶ ዳምጤም ቤቱ አመለጠኝ ብለው ራት ሳይቀምሱ ተኙ። በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ብዙ ቤት አይቻለሁ» አለ ኤፍሬም። «ዓይኔ እያየ ቃሉን ያረመ ደላላ ግን አላየሁም። ያንን ካጠፉ የቀረው እውነት ነው ብዬ አምኛለሁ። ቤቱን እገዛለሁ።»

ወሬው ሲቀላን አዳረሰ። ሌሎች ደላሎች ሊያሾፉ መጡ፤ አቶ ዳምጤ ግን ተራቸው ደርሶ ሰባኪ ሆነዋል። «ስሙኝማ» ይላሉ ስልካቸውን እያሳዩ፤ «ቀድሞ አንድ ገዢ ፍለጋ ፀሐይ ሲበላኝ ይውል ነበር፤ ዛሬ እኔ ምሳ ስበላ ገጹ ከአሥር ሰው ጋር ያወራል። ቀድሞ የማይገዛውንም የሚገዛውንም እኩል አዞር ነበር፤ ዛሬ የሚመጣው ዋጋውን አውቆ የቆረጠ ነው። ሻጩ አልተታለልኩም ብሎ ያድራል፣ ገዢውም እንደዚያው። ዋጋ ሲለወጥ እለውጣለሁ፣ ሲሸጥ አወርዳለሁ፤ ማንንም አልለምንም።» እውነትም ፀዳለ ሐዋሳ ሥራ አግኝታ ከሄደች በኋላ ገጹ አንድ ቀን አላንቀላፋም። መማር ለራስ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዕድሜም ከመማር እንደማያግድ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ?

እትዬ ወለቴ ባሕር ዳር የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ኤፍሬም የትምህርት ዓመቱ እስኪዘጋ ጂንካ ነው፤ ቤቱ ባዶውን ሊከርም ነው። ጎረቤቶች ሊሸኙ ተሰብስበው ሳለ እትዬ በሩን ቆለፉና ቁልፉን ለአቶ ዳምጤ ዘረጉላቸው።

አንዲት ጎረቤት «እንዴ እትዬ፣ ባዶ ቤት ለደላላ ይሰጣል?» አለች።

«ለደላላ አልሰጠሁም» አሉ እትዬ ወለቴ። «ለዳምጤ ነው የሰጠሁት።»

አቶ ዳምጤ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ዓይናቸውን ለመጥረግ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።