በሽምግልናው ቀን ያነሳሁት የከተማችን ታሪክ

ስሙኝማ! የወንድሜን ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። የሚያገባት ልጅ አባት አያ ፈንታም አብረው አሉ። እንደ ወጉ ልጅቷን ሰጠናችሁ ካልተባሉ አይቀመጡም፤ በር ላይ ቆመዋል። የኔን ምላስ ታውቋታላችሁ፣ ለሳቅ ብዬ «አያ ፈንታ፣ አባታችን ይችን ከተማ ባይቆረቁራት ዛሬ የት ይቆሙ ነበር?» አልኳቸው።

ማን ይሳቅ! አያ ፈንታ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና «ጫካውን መንጥሮ የመጀመሪያዋን ጎጆ የቀለሰው የኔ አባት ነው!» አሉ። ወንድሜ ደሴ ብድግ አለ። «አባቴን በገዛ ቤቴ ልታዋርድ? እንግዲያ የምሰጥህ ልጅ የለኝም!» ከጓዳ ልጅቷ ስታለቅስ ተሰማች። ሚስቴ ጭኔን መዠለገችኝ።

አያ ፈንታ ወደ ልቅሶው ዞሩ። «አባትህ ቀድሟል» አሉ ቀስ ብለው። «አባቴ ዝናብ ደብድቦት፣ የዘር ድንቹን ተሸክሞ ሲደርስ ቤቱ ያሳደረው ያንተ አባት ነው።»

ደሴ መደቡን በጋቢው ጫፍ ጠረገና፣ «አባቴ አባትህን በር ላይ አላቆመውም፤ ና ተቀመጥ» አላቸው።