ከጠመኔው መስመር ወዲያ

የምርጫው ዕለት ጠዋት ድምፄን ልሰጥ ስወጣ፣ ጎረቤቴን ሚስተር ዴልበርት ሆግለንድን ከገዛ ግቢያቸው ተባረው መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። እኛ በፍሬዝኖ ከተማ የዚህ ሰፈር ሰዎች በየምርጫው ድምፅ የምንሰጠው እሳቸው መኪናቸውን በሚያሳድሩበት ጋራዥ ነው። ድምፅ መስጫው አጠገብ መከራከር ክልክል ስለሆነ፣ አስመራጯ «በጠመኔ ካሰመርኩት መስመር ወዲያ ሄደው ይጩኹ» ብላቸዋለች። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

የሚጮኹት ነርስነት በምትማረው ጎረቤታችን በማሪሴላ ላይ ነበር። ወንድሟ ሩዲ በአደንዛዥ ዕፅ ዳግመኛ ተይዞ ፍርድ ይጠብቃል። ያን ቀን ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው ሕግ ካለፈ፣ ሰው ያልጎዱ እንደ እሱ ያሉ ጥፋተኞች በእስር ፈንታ ማገገሚያ ይገባሉ።

«ልጄ፣ ያጠፋ ይቀጣል! አልጋ አንጥፈን ሾርባ እያጠጣን እናባብለው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ሚስተር ሆግለንድ፣ ሩዲ መጀመሪያ የታሰረው በምን ነበር?»

«ያን ቆሻሻ ሲያጨስ ተይዞ ነዋ!»

«ሲፈታስ ምን አደረገ?»

«ጋራዤን ሰብሮ መሰላሌን ወሰደ!»

«አልሰበረም፤ በሽቦ ነው የከፈተው። ከመታሰሩ በፊት የራሳችንን በር እንኳ በወጉ መክፈት አያውቅም ነበር። እዚያ ነው ያስተማሩት።»

«ጎበዝ ተማሪ ነዋ!» አሉ ሽማግሌው፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋባቸው።

«አሁንስ ምን ተምሮ ይወጣ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ» አለች ማሪሴላ። «ማገገሚያ ማባበያ አይደለም። በየጊዜው ይመረመራል፣ ከሱሱ ጋር ይታገላል፣ ሙያ ይማራል፤ ጥሎ ከጠፋ ዳኛ ፊት ይቆማል። እስር ቤት እኮ መተኛት ብቻ ነው!»

እኔም ሳስበው እውነቷን ነው። የታሰረ ሰው ሲፈታ የሚመለሰው ወደ ሌላ አገር ሳይሆን ወደዚሁ ወደ ሰፈራችን ነው። ታሞ ገብቶ ብሶበት ቢወጣ የሚጎዳው ማን ነው?

ሚስተር ሆግለንድ ገብተው ድምፃቸውን ሰጡ። ሲወጡ አፋቸውን ሊከፍቱ ቢሉ አስመራጯ ጣቷን ቀሰረችባቸው። ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡና መስመሩን እንደተሻገሩ ጮኹ።

«ለሩዲ እንዲህ በይልኝ፦ ድኖ ሲመጣ ለጋራዤ የማይበገር ቁልፍ የሚገጥምልኝ እሱ ነው። ከሱ የተሻለ የሚያውቅበት የለም!»

ማሪሴላ እያለቀሰች አቀፈቻቸው። እሳቸውም «ተይ እንጂ፣ ሰው ያየናል» እያሉ አልለቀቋትም።

ሕጉ አለፈ፤ ሩዲም ማገገሚያ ገብቶ ድኖ ወጣ። ማሪሴላ ወንድሟን አገኘች፣ እኛም እጁ የቀና ጎረቤት አገኘን፤ የሰፈሩ ሰው በር ሲበላሽበት የሚጠራው እሱን ነው። በተከታዩ ምርጫ ገና በማለዳ ደርሼ ጋራዡን ሲከፍት ያየሁት ሩዲን ነበር፤ ያውም በቁልፍ።